መጋቢት 10ን በቤት፦ የቅዱስ ዮሴፍን በዓል ያለ ድግስ ለማክበር

ገናንና ፋሲካን ለማክበር መመሪያ የሚፈልግ ሰው የለም። ዶሮው አለ፣ ዘመዱ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ከማለዳ ጀምሮ እንኳን አደረሳችሁ ይላል። የካቶሊክ ቤተሰብ የሚቸገረው በሌሎቹ በዓላት ነው። መጋቢት 10ን እንውሰድ። የቅዱስ ዮሴፍ ዓመታዊ በዓል ነው። ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ክብር ታከብረዋለች፤ ከተማው ግን አያውቀውም። ሥራ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ባጃጁ እንደወትሮው ይጮኻል። ቅዳሴ የደረሰ ይደርሳል፤ ያልደረሰው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ "ለካ ዛሬ ዮሴፍ ነበር" ይላል።

ይህ መመሪያ ጅማ ውስጥ ለሚኖር፣ ልጆች ላሉትና ሥራ ለሚውል ቤተሰብ ነው። ሌላ ቅዱስ ለምታከብሩም ይሠራል፤ ስሙንና ንባቡን መለወጥ ብቻ ነው። አንድ ደንብ አስቀድሜ ላስቀምጥ፣ ሁሉንም ነገር የምለካው በእሱ ነውና። ምግቡን የሠራው ሰው ከሌላው እኩል ተቀምጦ መጸለይና መብላት ካልቻለ ዝግጅቱ በዝቷል። ይቀነስ። እናት ከማድ ቤት ሳትወጣ የሚያልፍ የአባት በዓል ዮሴፍን ራሱን ያሳፍረዋል።

ቀኑ ለጅማ ይመቻል

ቅዱስ ዮሴፍ አናጢ ነበር። ጅማ ደግሞ እንጨት የምታውቅ ከተማ ናት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከስሟ ጋር የሚነሳ ነው። አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ቤቶች በየመንገዱ አሉ። ልጆቻችን የሰጋቱራ ሽታ ያውቃሉ፣ መጋዝ ሲጮኽ ሰምተዋል፣ አናጢ ምሳሩን አስቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አይተዋል። ስለዚህ "ዮሴፍ እንደነዚህ ሰዎች ነበር" ስትሏቸው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት ጾሙ ነው። መጋቢት 10 ሁልጊዜ በዓቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ "በዓል ያለ ሥጋ ምን በዓል ነው?" ይላል። እኔ እንደ ዕድል ነው የማየው። የጅማን ግቢ አስቡት፦ በአንድ በኩል ሙስሊም ቤተሰብ፣ በሌላ በኩል ኦርቶዶክስ፣ ፊት ለፊት ጴንጤ። ሥጋ ከተሠራ የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ፣ ይሉኝታና ሰበብ ይመጣል። ሽሮን ግን ማን አረደው አይባልም። የጾም ገበታ ያለ ምንም ማብራሪያ ሁሉም እጁን የሚሰድበት ገበታ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከጎረቤት ጋር ያለ ሐሳብ የምንበላበት የካቶሊክ በዓል ካለ ይህ ነው። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም መጋቢት 10 የመስቀል በዓላቸው ነው፤ ለእነሱም ተራ ቀን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በሮማው የካቶሊክ ሥርዓት፣ ታላቅ በዓል ዓርብ ቀን ከዋለ ከሥጋ የመከልከሉ ግዴታ ይነሳል። ስለዚህ መጋቢት 10 ዓርብ ቢሆን ሥጋ መብላት ይፈቀዳል። መብታችሁ ነው። እኔ ግን ጎረቤት ሁሉ እየጾመ፣ ሽታው በአጥር እየዘለቀ፣ በዚህ መብት መጠቀም አይታየኝም።

ከሁለት ሳምንት በፊት

መጀመሪያ ቀኑን አረጋግጡ። መጋቢት 10 ሁልጊዜ ከፈረንጆቹ ማርች 19 ጋር ይገጥማል፤ አይንሸራተትም። ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ያሉ በዓላት ግን ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት በአንድ ቀን ይዛነፋሉ። የልጃችሁን የክርስትና ስም ቀን የምታከብሩ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ሌላው ደግሞ መጋቢት 10 እሁድ ከዋለ ነው። የጾሙ እሁድ ስለሚበልጥ የዮሴፍ በዓል ወደ ሰኞ ይዛወራል። በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር።

ቀጥሎ በቀደመው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የበዓሉን ቅዳሴ ሰዓት ቁምስናችሁን ጠይቁ። በሥራ ቀን ካህኑ ወደ ሌላ ጸሎት ቤት ሊሄድ ይችላል። ከከተማ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ ከሆነ ካቴኪስቱን፣ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪውን፣ አነጋግሩ፤ ቅዳሴ ባይኖር እንኳ የጋራ ጸሎት ሊኖር ይችላል።

ከዚያ የገበታውን ሰዓት ወስኑ። ምክሬ ምሽት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ማንም ቤት የለም። አጥብቆ የሚጾም ኦርቶዶክስ ጎረቤትም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምስም። ረመዳን ከገጠመ ደግሞ፣ በ2016 እና በ2017 እንደገጠመው፣ ከመግሪብ በኋላ አድርጉት። ወደ 1 ሰዓት ገደማ ሁሉም ነፃ ነው። ያን ጊዜ ገበታው ላይ ጥቂት ቴምር መጨመር ጥሩ ነው፤ ጎረቤት መታሰቡን ያያል።

የመጨረሻው የሥራ ክፍፍል ነው። ወረቀት አውጡና ስም ጻፉ። ዳቦ የሚጋግር፣ ወጥ የሚሠራ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ቡና የሚያፈላ፣ ዕቃ የሚያጥብ። ዕቃ አጣቢውን መጻፍ እንዳትረሱ፤ ካልተጻፈ ማን ላይ እንደሚወድቅ ሁላችንም እናውቃለን። አባት ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን ይውሰድ። ቡናውን ቢወስድ ደስ ይለኛል። አባወራ ረከቦት ፊት ተቀምጦ ሲቆላ ያየ ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ።

ስልጆ የምትወዱ ከሆነ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተበጥብጦ ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት ይቦካል። ሳምንት ሲቀረው ጀምሩት።

ዘጠኙ ምሽቶች

ከበዓሉ በፊት የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት፣ ኖቬናው፣ ከመጋቢት 1 እስከ መጋቢት 9 ነው። እንዲህ የተመቸ ኖቬና የለም፤ ወር ሲገባ ይጀመራል። በየምሽቱ ከእራት በኋላ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንድ "አባታችን ሆይ"፣ አንድ "ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ"፣ አንድ "ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ክብር ይሁን"፣ ከዚያ አንድ ልመና። ረጅም የኖቬና መጽሐፍ ያላችሁ ወላጆች ለራሳችሁ አቆዩት። በሦስተኛው ቀን ልጁ መተኛት ከጀመረ አራተኛው ቀን የለም።

ልመናውን በተራ አከፋፍሉ። አንድ ምሽት ሥራ ፈልጎ ላጣ ዘመድ፣ አንድ ምሽት ለታመመ፣ አንድ ምሽት በስደት ላለ። ዮሴፍ ራሱ ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ የተሰደደ ሰው ነው። አረብ አገር እህት ያላችሁ ቤቶች ያን ምሽት ስሟን ጥሩ። በሚቀጥለው ቀን ደውሉላት።

ልጆችን የሚይዘው ግን ባቄላው ነው። አንድ ባዶ ጣሳ ወይም ኩባያ አስቀምጡ፣ አጠገቡ ጥሬ ባቄላ። በየቀኑ እያንዳንዱ ልጅ ማንም ሳያዘውና ለማንም ሳይናገር አንድ ሥራ ይሠራል። የታናሹን ጫማ ይጠርጋል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ቆሻሻ ያወጣል። ማታ አንድ ፍሬ ጣሳው ውስጥ ይጥላል። ምን እንደሠራ አይጠየቅም። አይነገርም። ዮሴፍ በወንጌል ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረም፤ መልአኩ ያለውን ተነስቶ ሠራ፣ አለቀ። ጨዋታው ይህንኑ ነው የሚያስተምረው። ታላቅየው በአንድ ምሽት ሰባት ፍሬ ሲጥል ብታዩት ዝም በሉ፤ ታናሹ ራሱ ይቆጣጠረዋል።

ለምን ባቄላ? ጣሊያን አገር፣ ሲሲሊ በምትባለው ደሴት፣ የዮሴፍ በዓል ያለ ባቄላ አይከበርም። እንደሚተረከው በአንድ ድርቅ ዘመን ሕዝቡ ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ለመነ፤ ዝናብ መጣ፤ እስከዚያ ድረስ ነፍስ ያቆየው ባቄላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ገበታ ዘርግተው ድሃ ይጋብዛሉ፣ ዳቦና ባቄላ ያቀርባሉ። ዳቦና ባቄላ ደግሞ እኛ ቤትም ሞልቷል፤ ከማንም አንበደርም።

በዘጠነኛው ምሽት ጣሳው ውስጥ ያለው ባቄላ ወደ ማድ ቤት ይሄዳል። በቂ ካልሆነ ግማሽ ኪሎ ጨምሩበት። ንፍሮ እንዳታደርጉት እመክራለሁ። ንፍሮ ለቅሶ ቤት ያስታውሳል፤ እንግዳ ገብቶ "ምን ሆናችሁ?" ይላል። አሹቅ ይሻላል። ባቄላውን ምጣድ ላይ ቆዳው ጠቆር ጠቆር እስኪልና እስኪሰነጠቅ ቁሉት። ትኩስ እንዳለ በብዙ ውሃ ንከሩትና አሳድሩት። ጠዋት አጥልሉት። ማታ በጨው፣ በቃሪያና በትንሽ ዘይት ለውሱት። አፍ ውስጥ ለስለስ ብሎ የጭሱ ጣዕም ይቀራል። ለትንንሽ ሕፃናት ግን ሙሉ ፍሬ አትስጡ፣ ያንቃል፤ ልጣችሁ ፍጩላቸው።

የቤቱ ጥግ

ይህ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ትንሽ ጠረጴዛ ወይም በርጩማ፣ ላዩ ላይ የታጠበ ነጠላ፣ የቅዱሱ ሥዕል ካለ ሥዕሉ፣ አንድ ሻማ። የዮሴፍ ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ ነጭ አበባ ይታያል። ጅማ ውስጥ ነጭ አበባ ከጎረቤት አጥር ለምኖ ማግኘት አይከብድም። ቄጤማ ከተገኘ አንድ እቅፍ ይበቃል።

ሥዕሉ አጠገብ መሣሪያ አስቀምጡ። አናጢ ቤት ከሆነ መዶሻው። ሹፌር ከሆነ የመኪናው ቁልፍ። ነርስ ከሆነች ሰዓቷ፣ አስተማሪ ከሆነ ጠመኔው፣ ልብስ ሰፊ ከሆነ ሜትሩ። ቤቱን የሚያበላው ዕቃ ለአንድ ምሽት ሻማ አጠገብ ይቀመጣል። ልጆች ይህን ይወዱታል። "አባቴ ምን ይሠራል?" ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። የእናትን መሣሪያ እንዳትረሱ። ቤት ውስጥ የምትውል እናት የወጥ ማማሰያዋ መቀመጥ አለበት።

ሂሳብ መዝጋት

ይህን ክፍል ብዙ ሰው አይጠብቀውም፤ ለእኔ ግን የበዓሉ እምብርት ነው። ቅዱስ ዮሴፍ በእጁ ሠርቶ ያደረ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሠራተኞች ጠባቂ ትለዋለች። እንግዲህ የእሱን ቀን እያከበሩ የሠራተኛ ገንዘብ መያዝ አይሆንም።

ከመጋቢት 10 በፊት ቁጭ በሉና አስቡ። የቁም ሣጥኑን ቀሪ ሂሳብ ለአናጢው ከፍላችኋል? ልብስ የምታጥበው ሴት ባለፈው ወር "ነገ እሰጥሻለሁ" ያላችኋት ገንዘብ አለ? ቤት የምትረዳችሁ ልጅ ደመወዟ ስንት ቀን ዘገየ? ግንቡን የጠገነው ልጅ ሲደውል ስልኩን አላነሳችሁም? ዝርዝሩን ጻፉ። የቻላችሁትን ክፈሉ። ያልቻላችሁትን ደውላችሁ ቀኑን ንገሩ። ዳቦና ቡና የሚገዛበት ገንዘብ ከዚህ ቢቀነስ ይቀነስ። ገበታው ሽሮ ብቻ ሆኖ የሰው ሂሳብ ቢዘጋ በዓሉ በደንብ ተከብሯል።

ልጆች ይህን እንዲያዩ አድርጉ። ገንዘቡን ልጁ ይዞ ሄዶ "አባዬ አመሰግናለሁ ብሏል" ብሎ ቢሰጥ ከስንት ስብከት ይበልጣል።

ዳቦው

ገበታው ላይ አንድ ነገር ብቻ በደንብ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ድፎ ዳቦው ይሁን። ወጡ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፤ ምስርና ጎመን፣ ወይም ሽሮና ስልጆ። ዳቦው ግን ትኩረት ይፈልጋል።

ለስምንት ሰው 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ዘይትና ጥቁር አዝሙድ ያዙ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ 3 ብርጭቆ አካባቢ ይሄዳል፣ ግን በአንዴ አትጨምሩት። ሊጡ እጅ ላይ የሚጣበቅ ያህል ለስላሳ መሆን አለበት። ደረቅ ካደረጋችሁት ዳቦው ድንጋይ ይሆናል። ሩብ ሰዓት ያህል እሹት። በጅማ የመጋቢት ሙቀት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በጣታችሁ ጫን በሉት፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል።

ኮባውን እስከዚያ አዘጋጁ። ቅጠሉ አረንጓዴና ያልተቀደደ ይሁን። መሃል ያለውን ወፍራም አጥንት ቀንሱ። ከዚያ በእሳት ላይ ወዲያ ወዲህ አሳልፉት። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይደምቃል፣ ላቡ ይወጣና እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ያኔ አውጡት። ይህን የዘለለ ሰው ኮባው ምጣዱ ላይ ሲሰነጠቅበት ሊጡ ይፈስበታል። ምጣዱ ላይ ደራርባችሁ አንጥፉት፤ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይትረፉ። ሊጡን ገልብጡ፣ በእርጥብ እጅ አስተካክሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲነሳ ተዉት፣ ከዚያ የተረፈውን ኮባ ከላይ አጥፋችሁ ክደኑት።

እሳቱ መጠነኛ ይሁን። በኤሌክትሪክ ምጣድ ግማሽ ሰዓት ያህል ከበሰለ በኋላ ይገለበጣል፣ ከዚያ ሌላ ሃያ ደቂቃ። በስንጥር ወጋ አድርጋችሁ ስታወጡት ንጹሕ ከሆነ በስሏል። መብራት እንደሚጠፋ አስቡና ከሰል አዘጋጁ፤ በከሰል ከሆነ ከላይም ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ሲወጣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አቆዩት። ትኩሱን የሚቆርስ ልጅ ይኖራል፤ እሱን መጠበቅም ሥራ ነው። ኮባው ሲላጥ የቅጠሉ መስመር ዳቦው ላይ ታትሞ ይቀራል።

ለመጠጥ ብርዝ በጥብጡ። የጅማ ማር ካለ ሌላ ምን ይፈለጋል? ጠላና ጠጅ ይቅር፤ ገበታው ለሁሉም እንዲሆን ነው የምንፈልገው።

ቀኑ

ጠዋት ቅዳሴ መድረስ ከቻላችሁ ልጆቹን አንድ ነገር እንዲያዩ ንገሯቸው፦ የካህኑን ልብስ። በጾሙ ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም ሲለብስ የከረመው ካህን በዚህ ቀን ነጭ ይለብሳል። "ክብር ለእግዚአብሔር በሰማያት" የሚለው መዝሙርም ይመለሳል፤ ሃሌ ሉያ ግን እስከ ፋሲካ አይባልም። ልጅ የሚፈልገው ነገር ሲኖረው ቅዳሴ ላይ አይቁነጠነጥም። ቅዳሴ መድረስ ያልቻለ ቤተሰብ ደግሞ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ በመስቀል ምልክት አማትቦ "ቅዱስ ዮሴፍ ሆይ፣ ለምንልን" ብሎ ይውጣ። ይበቃል። ማታ ይደርሳል።

ማታ ገበታው ከመቅረቡ በፊት ሁሉም በጥጉ ዙሪያ ይቁም ወይም ይቀመጥ። ትንሹ ልጅ ሻማ ያብራ፤ እጁን ያዙት። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብላችሁ ጀምሩ። ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ከቁጥር 18 እስከ 24 ይነበብ። ልጆቹ ከፍ ያሉ ከሆኑ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 41 እስከ 51 ይሻላል፤ ኢየሱስ በአሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ የቀረበት ታሪክ ነው። ልጅ የጠፋበት ወላጅ ጭንቀት ለማንም ግልጽ ነው። ሁለቱም በዚህ በዓል ቅዳሴ የሚነበቡ ናቸው። የሚያነበው ሰው በደንብ የሚያነብ ይሁን። ሌላው ተራ ሊጋራ ይችላል፤ ንባቡ ግን በመንተባተብ አይለቅ።

ከንባቡ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ዮሴፍ እዚህ ውስጥ ምን አለ?" ይፈልጉ። ገጹን ያገላብጡ። አያገኙም። ከዚያ "ታዲያ ምን አደረገ?" በሉ። ማብራሪያው እዚያ ላይ ይቁም። ስብከት የሚያምራችሁ አባቶች እዚህ ጋ ታገሡ።

ብዙ ልጆች ይህን ዮሴፍ ወንድሞቹ ከሸጡት ዮሴፍ ጋር ያምታቱታል። አይፈረድባቸውም። የሁለቱም አባት ያዕቆብ ይባላል፣ ሁለቱም በሕልም ይመራሉ፣ ሁለቱም ግብፅ ወርደዋል። ሙስሊም ጎረቤታችሁም "ነቢዩ ዩሱፍ ነው?" ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። "እሱ አይደለም፣ የመርየም ጠባቂ ነው" በሉት። ወሬው ከዚያ ይቀጥላል።

ከዚያ ልመና ያለው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበል፤ "አባታችን ሆይ" በጋራ ይባል። አባት ወይም እናት እጁን ልጆቹ ራስ ላይ ጭኖ በስም እየጠራ "እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ይጠብቅህ" ይበል። ይህን አድርጎ የማያውቅ አባት መጀመሪያ ያፍራል፤ ልጁም ይስቃል። ችግር የለም። በሚቀጥለው ዓመት አይስቅም።

ጠቅላላው አሥር ደቂቃ ነው። ዳቦው ይባረክ፣ ይቆረስ። የመጀመሪያዎቹ ቁራሾች ከቤት ይውጡ፦ አንድ ለጎረቤት፣ አንድ በር ላይ ለሚጠብቀው ዘበኛ ወይም ለሊስትሮው ልጅ። ልጆች ያድርሱ። የተረፈው ለቤት ነው።

ቡናው

በጅማ ቡና እንዴት እንደሚፈላ ማስተማር ድፍረት ነው፤ አልሞክርም። ለበዓሉ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ለሦስቱ ሲኒ ሦስት መታሰቢያ ስጡ። አቦል ላይ ያለፉትን አባቶችና አያቶች አንሱ፤ ስማቸው ይጠራ፣ አንድ ትዝታ ይነገር። ቶና ላይ ሥራ ላጡና ለታመሙ። በረካ ላይ ለቤቱና ለጎረቤቱ። በመሃል እንደተለመደው ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት፣ ወደ መብራትና ወደ እግር ኳስ ይሄዳል፤ ተዉት ይሂድ። ፈንዲሻና አሹቁ ይዙር። ጎረቤት የሚጠራው ለዚህ ነው፤ ጸሎቱ የቤት ነው፣ ቡናው የግቢ ነው።

ሦስተኛው ሲኒ ሲያልቅ ወረቀቱን አውጡ። ዕቃ አጣቢው ማን ነበር? ይነሳ።

አባት በሌለበት ቤት

ይህን በዓል የሚፈሩ ቤቶች አሉ። አባት የሞተበት፣ የሄደበት፣ ሌላ አገር የሚሠራበት። እናት ብቻዋን የምታሳድግ ከሆነች "የአባት ቀን" ማለት ቁስል መነካካት ይመስላታል። እንዲህ ላለው ቤት በዓሉ ይበልጥ የተመቸ ነው ባይ ነኝ። ዮሴፍ ራሱ ኢየሱስን ያልወለደ፣ ያሳደገ አባት ነው። ስለዚህ ጥያቄው "አባትህ የት ነው?" አይሁን፤ "ማን አሳደገህ?" ይሁን። አጎት ሊሆን ይችላል፣ የክርስትና አባት፣ አያት፣ የደብተር ዋጋ የከፈለ ጎረቤት፣ መምህር። ልጁ አንድ ሰው ይምረጥና ይጋብዘው ወይም ይደውልለት። ሽማግሌው ጋሼ መጥተው ዳቦውን ይባርኩ። ሃይማኖታቸው ሌላ ቢሆንም የሽማግሌ ምርቃት ነው፤ አሜን ማለት ነው።

አባቱ የሞተበት ልጅ ካለ የአባቱ መሣሪያ ጥጉ ላይ ይቀመጥ። ልጁ ራሱ ያስቀምጥ። ካልፈለገም አይገደድ።

አባት ሩቅ አገር ከሆነ ጸሎቱን በስልክ አድርጉት። ኔትወርክ ካስቸገረ ንባቡን ልጁ በድምፅ ቀድቶ ይላክለት፤ አባትም ምርቃቱን ቀድቶ ይመልስ።

ቀኑ ካመለጣችሁ

ቅዱስ ዮሴፍ ሁለተኛ ቀን አለው፤ ሚያዝያ 23። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራተኛው ቅዱስ ዮሴፍ በዓል ብለው በፈረንጆቹ ሜይ 1 እንዲከበር አደረጉ፤ ከዓለም የሠራተኞች ቀን ጋር እንዲገጥም ነበር። እኛ አገር ያ ቀን ሥራ ዝግ ነው፣ ልጆች ቤት ናቸው። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ደግሞ በዚያ ቀን ጊዮርጊስን ያነግሣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስለሚውል ጾሙ የለም፤ ይሁንና ገበታውን ጾም አድርጋችሁ ማቆየት ትችላላችሁ፣ ምክንያቱን ከላይ ብያለሁ። ኖቬናው ከሚያዝያ 14 ይጀምራል። ባቄላው፣ ዳቦው፣ ጥጉ ያው ነው። ንባቡ ብቻ ይለወጥ፦ ማቴዎስ ምዕራፍ 13 ከቁጥር 54 እስከ 58፣ የአገሩ ሰዎች ኢየሱስን "የጸራቢው ልጅ አይደለምን?" የሚሉበት። ቀኑ ዝግ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዛችሁ በእግር መውጣት ይቻላል። የአናጢ ቤቶቹ ያን ቀን ሊዘጉ ስለሚችሉ እንጨት ሲላግ ማሳየት ከፈለጋችሁ በዋዜማው ከትምህርት ቤት መልስ ጎራ በሉ። ቀሪ ሂሳብ ካለባችሁም ይዛችሁ ሂዱ።